የኮሪያ ካፌዎች የእንጆሪ ወተት በቤት ውስጥ፦ ከቅበላ ዋዜማ እስከ ጾሙ መግቢያ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ የካቲት 5 ቀን፣ ማታ

በምኖርባት በቹንቾን ከተማ ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ የካፌዎች ማቀዝቀዣ ሁሉ ከታች ቀይ፣ ከላይ ነጭ በሆኑ ጠርሙሶች ይሞላል። ኮሪያውያን መጠጡን «ታልጊ ኡዩ» ይሉታል፤ የእንጆሪ ወተት ማለት ነው። በየሱቁ በካርቶን የሚሸጠው፣ ቀለምና ማጣፈጫ የገባበት ወጥ ሮዝ ወተትም በዚሁ ስም ይጠራል፣ ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። የካፌው ከታች በስኳር የራሰ የተጨፈለቀ እንጆሪ፣ በላዩ በቢላዋ የተከተፈ ጥሬ እንጆሪ፣ ከዚያ በላይ ወተት ሆኖ ሳይቀላቀል ይቀርባል፤ ነቅንቆ የሚያዋሕደው ጠጪው ራሱ ነው። የዚህ ሳምንት ሥራዬ ይህንኑ በራሴ ወጥ ቤት አዘጋጅቼ እሑድ ለቅበላ ለሚመጡ ወዳጆቼ ማቅረብ ነው። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ነገም ዓርብ ነው፤ ስለዚህ ወተቱ የሚቀመሰው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ሁሉ የእንጆሪው ነው።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ወርጄ ሁለት ዓይነት እንጆሪ ገዛሁ። አንደኛው ተመርጦ በተርታ የተደረደረ ግማሽ ኪሎ ነው፤ ሁለተኛው ትንንሽና ጠማማ ፍሬዎች ተዘርግፈው «የጁስ» እየተባሉ በርካሽ የሚሸጡበት አንድ ኪሎ ነው። ሻጯ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው፤ እዚህ አገር እንደ እርሳቸው ያሉትን የገበያ ሴቶች «ኢሞ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው፣ አክስቴ እንደማለት። «ኢሞ፣ ለቾንግ የሚሆነው የትኛው ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ውዱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ለሚጨፈለቅ ፍሬ የመልክ ዋጋ አይከፈልም» አሉኝ። ቾንግ የሚባለው ፍራፍሬ በስኳር ታሽቶ፣ እሳት ሳይነካው፣ የገዛ ውኃውን እያወጣ የሚዘጋጅ ወፍራም ጭማቂ ነው። ለእርሱ በእርግጥም ርካሹ ይበቃል። ከላይ የሚገባው ክትፍ ግን በመስታወቱ በኩል የሚታይና በጥርስ የሚያዝ በመሆኑ ጠንካራውና መልከ መልካሙ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ወሰድኩ።

ሁለቱም ሶልህያንግ የተባለው ዝርያ ናቸው። ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ቹንግቾንግ ክፍለ ሀገር፣ በኖንሳን በሚገኘው የእንጆሪ ምርምር ጣቢያ፣ አኪሂሜና ሬድ ፐርል የተባሉ ሁለት የጃፓን ዝርያዎችን በማዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ ቀድሞ የኮሪያን ማሳ ይዘው የነበሩትን የጃፓን ዝርያዎች አስለቅቆ ዛሬ የአገሪቱን የእንጆሪ እርሻ በአብዛኛው የሚሸፍነው እርሱ ነው። በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ስለሚለማ ዋነኛ ወቅቱ ውጭ በረዶ የሚጥልበት ጊዜ ነው። ለእኔ ሥራ የሚጠቅመው ጠባዩ ፍሬው ለስላሳ፣ ውኃው የበዛ፣ ኮምጣጣነቱም ዝቅ ያለ መሆኑ ነው። ሩቅ አገር ለመጓጓዝ የማያመቸው ይኸው ልስላሴ ስኳር ሲነካው ቶሎ ውኃ እንዲለቅ ያደርገዋል።

እንጆሪ የሚታጠበው አረንጓዴ ቆቡ ሳይነሣ ነው። ቆቡ ከተነሣ ውኃው በተከፈተው በኩል ወደ ውስጥ ይዘልቅና ጣዕሙን ያቀጥነዋል። ለአንድ ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ፣ በሚወርድ ውኃ አለቅልቄ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አንድ በአንድ ዘርግቼ ላዩ ጨርሶ እስኪደርቅ ድረስ ተውኩት። ብዙ ሰው በዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ነገር ግን በፍሬው ላይ የቀረች ጠብታ ጭማቂውን ታቀጥናለች፣ ሻጋታም በቶሎ እንዲይዘው ታደርጋለች። ጠርሙሶቹም በፈላ ውኃ ታጥበው፣ ተደፍተው ደርቀዋል።

ከዚህ በኋላ የጁሱን እንጆሪ ቆብ፣ ከሥሩ ካለው ነጭና ጣዕም የለሽ ክፍል ጋር ቆርጬ ጣልኩ። 600 ግራም መዝኜ ለሙከራ እኩል በሦስት ከፈልኩት፤ የተረፈው 350 ግራም ያህል ለእሑዱ ተቀምጧል። እያንዳንዱን 200 ግራም ግማሹ እስኪደቅቅ፣ ግማሹ ደግሞ ገና ቅርጹን እንደያዘ በሹካ ጨፈለቅሁት። ጠርሙስ «ሀ» 200 ግራም ነጭ ስኳር ተጨመረበት፤ ይህ የኮሪያ ቤተሰቦች የቾንግ ደንብ ነው፣ ፍሬና ስኳር እኩል በእኩል። ጠርሙስ «ለ» 80 ግራም ብቻ ገባበት። የ«ሐ» እንጆሪም በ80 ግራም ስኳር ታሽቶ፣ በዝቅተኛ እሳት ለጥቂት ደቂቃ ተንተክትኮ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ጠርሙሱ ተገለበጠ። ቡናማ ስኳር ቀለሙን ስለሚያጠቁረው አልተጠቀምኩም። ሎሚም አልጨመርኩም፤ ሎሚ ቀይነቱን ቢያደምቀውም ወተት የሚያረጋው ኮምጣጣነት ነውና፣ ወተት ለሚገባበት ቾንግ ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል።

ስኳሩ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አየሁት። በ«ለ» ውስጥ ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የእንጆሪው ጠርዝ ወዝ አወጣ፣ ቀጥሎም በቁርጥራጮቹ መካከል ንጹሕ ቀይ ፈሳሽ ተጠራቅሞ የስኳሩን ፍንጣሪ ከላይ እስከ ታች እየዋጠ ወረደ። በ«ሀ» ግን ከጠርሙሱ ሥር የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ነጭ ስኳር እንደተኛ ነው፤ በማንኪያ አማስዬው ተመልሶ ተኛ። ስኳር ውኃውን ከፍሬው ሕዋሳት እየሳበ ያወጣል፣ በወጣው ውኃም ራሱ ይሟሟል፤ ስኳሩ በበዛ መጠን የሚያሟሟው ውኃ እስኪገኝ መጠበቅ ግድ ነው። «ለ»ን ወደ ማቀዝቀዣ አስገብቼ «ሀ»ን እስከ መኝታ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አቆየዋለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 6 ቀን

ወተት ስለማይነካ የዛሬው ቅምሻ በጋዝ ውኃ ሆኗል። ይህም ቢሆን ከካፌዎቹ ልማድ የወጣ አይደለም፤ ቾንግ በጋዝ ውኃና በበረዶ በጥብጠው «ኤድ» እያሉ ይሸጡታል። ከጾም ሰዓት በኋላ ከሦስቱም አንዳንድ ማንኪያ በየብርጭቆው አድርጌ ቀመስኩ።

«ሐ» ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቀለሙ ጠቆር ብሏል፣ ሽታውም የማርማላታ ሽታ ነው። የጥሬ እንጆሪን መዓዛ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ቶሎ የሚተኑ በመሆናቸው እሳት አስቀድሞ የሚወስደው እነርሱን ነው። ለዳቦ የሚቀባ ቢሆን ጥሩ ነበር። «ሀ»ና «ለ» ግን ክዳናቸው ሲከፈት ገና ከማሳ የተለቀመ ፍሬ ይሸታሉ። «ሀ» ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮም ትንሽ ያልሟሟ ስኳር ከሥሩ ስላለው ሁለት ጊዜ ገልብጬ አቆምኩት።

ለነገ የሚረዳኝን ስሌት በወረቀት ላይ አስቀምጫለሁ። እንዲህ ያለው ጣፋጭ እንጆሪ በራሱ ከክብደቱ እስከ አንድ አሥረኛ የሚደርስ ስኳር አለው፤ ስለዚህ 200 ግራም እንጆሪ 20 ግራም ስኳር ይዞ ይመጣል። «ለ» በጠቅላላ 280 ግራም ሲሆን 100 ግራሙ ስኳር ነው፣ ይኸውም 36 በመቶ ያህል ነው። «ሀ» 400 ግራም ሆኖ 220 ግራሙ፣ ማለትም 55 በመቶው ስኳር ነው። ወተት በሊትር 1.03 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ 36 በመቶ ስኳር ያለው ፈሳሽ 1.15 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እንግዲህ በካፌው ጠርሙስ ላይ የሚታየውን የቀይና የነጭ ልዩነት የሚጠብቀው ይህ የክብደት ልዩነት ብቻ ነው፤ ባለሙያ እጅ አያስፈልገውም፣ ለዚህም ከ«ለ» የበለጠ ስኳር መጨመር አላስፈለገም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7 ቀን

ዛሬ ወተቱ ተከፈተ። ቅባቱ ያልወጣለት፣ ሌሊቱን ከማቀዝቀዣው ጥግ ያደረ ወተት ነው። በሁለት ብርጭቆ 200 ሚሊ ሊትር ወተት ለክቼ በአንዱ 80 ግራም «ሀ»፣ በሌላው 80 ግራም «ለ» ጨመርኩ። የ«ሀ» ብርጭቆ ገና በመጀመሪያው ጉንጭ ስኳሩ አፍ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የወተቱም የእንጆሪውም ጣዕም አይለይም። መጠኑን ወደ 50 ግራም ዝቅ ሳደርገው ጣፋጭነቱ ከ«ለ» ጋር ተስተካከለ፣ እንጆሪው ግን ጠፋ። የትናንቱ ስሌት ምክንያቱን ያሳያል። በ50 ግራም «ሀ» ውስጥ 27 ግራም ያህል ስኳርና 25 ግራም ፍሬ አለ። በ80 ግራም «ለ» ውስጥ ስኳሩ 29 ግራም ያህል ሲሆን ፍሬው 57 ግራም ይደርሳል። በእኩል ጣፋጭነት ከእጥፍ በላይ እንጆሪ ማለት ነው።

ከዚህ ሥራ የያዝኩት ዋናው ነገር ይህ ነው። እኩል በእኩል የሚለው ደንብ የተበጀው ለማቆየት ነው። ኮሪያውያን አረንጓዴውን ፕለም፣ ሜሲልን፣ እንዲሁም ዩጃ የተባለውን መዓዛማ ብርቱካን መሰል ፍሬ በዚሁ ልክ በስኳር አድርገው ለወራት ያስቀምጡታል፤ ሲያስፈልግ አንድ ማንኪያ በሙቅ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠብጡታል። እዚያ ስኳሩ ጠባቂ ነው፣ ውኃውም ያለዝበዋል። የእንጆሪ ወተት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነውና ጠባቂ አያሻውም፤ ደንቡን ሳይመረምሩ ወደ ወተት ማዛወር ለማያስፈልግ ዕድሜ ሲባል ጣዕሙን መሸጥ ነው። በየቦታው የሚሰራጩት አዘገጃጀቶች ይህን ሳይለዩ «እኩል በእኩል» እያሉ መቀጠላቸው ይገርመኛል።

ቀጥዬ የመርጋትን ነገር ፈተሽኩ፤ እሑድ ሰው ፊት ከማቅረቤ በፊት ማወቅ የምፈልገው ነገር ነበር። የኮምጣጣነት መለኪያ በሆነው ፒኤች (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበረታል) እንጆሪ 3.5 አካባቢ፣ ወተት ደግሞ 6.7 አካባቢ ነው፤ ካዜይን የተባለው የወተት ፕሮቲን ወደ 4.6 ሲወርድ ይረጋል። ሁለት ትንንሽ ብርጭቆዎች አዘጋጀሁ፦ በአንዱ ወተቱም ቾንጉም ከማቀዝቀዣ እንደወጡ፣ በሌላው ሁለቱም ለብ እስኪሉ ሞቀው። በሞቀው ብርጭቆ ቀዩና ነጩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ወዲያው የአይብ ፍርፋሪ የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች ወጡ፣ ቆይቶም ከሥራቸው ቀጭን አጓት ተለየ። በቀዝቃዛው ምንም አልታየም። ወተቱ ብዙ ስለሆነ ጠቅላላው ድብልቅ እስከ 4.6 አይወርድም፤ አደጋው ያለው በመገናኛው መስመር ላይ ነው፣ እዚያም ቢሆን ቅዝቃዜ የካዜይን ቅንጣቶች እርስ በርስ እንዳይያያዙ ያግዳቸዋል። ስለዚህ ቾንጉ፣ ክትፉ፣ ወተቱ፣ ጠርሙሱም ጭምር ቀዝቃዛ መሆን አለባቸው።

የብሌንደሩን ነገርም እግረ መንገዴን አየሁት። በብሌንደር የተመታው እንጆሪ አየር ስለገባበት አረፋ ሠርቶ ከፊሉ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፣ ከሥር መቀመጥም እምቢ አለ፤ ደቃቅ ዘሮቹ ስለተፈጩም መጨረሻ ላይ ስስ ምሬት አለው። ጊዜ ቢያስቆጥብም በዚህ መጠጥ ቦታ የለውም። ሹካ ይበቃል።

ከምሽቱ በፊት የተረፈውን 350 ግራም እንጆሪ በ140 ግራም ስኳርና በአንድ ቁንጥጫ ጨው አሽቼ ማቀዝቀዣ አስገባሁ። ጨዉ የሚታወቅ አይደለም፣ ነገር ግን የወተቱን ጣዕም ወደ ፊት ያመጣዋል። ይህ 490 ግራም ለስድስት ሰው እያንዳንዱ 80 ግራም ሊያደርስ ይችላል።

እሑድ፣ የካቲት 8 ቀን፣ ቅበላ

ክትፉን ያዘጋጀሁት እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ ነው። ቀድሞ ከተከተፈና ከቾንጉ ጋር ካደረ ስኳሩ ውኃውን ስቦ ያሟሽሸዋል፤ በጥርስ ሲያዝ ተሰብሮ ጭማቂ የሚረጨው ጥሬ ቁራጭ ይጠፋል፣ የካፌው መጠጥ ከሌላው የሚለየው ደግሞ በእርሱ ነው። ከምርጡ እንጆሪ በእያንዳንዱ ጠርሙስ 40 ግራም፣ የጥፍር ስፋት ባለው ቁራጭ ከተፍኩ። አሞላሉ እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ 80 ግራም ቾንግ ከሥር፤ ጠርሙሱን አጋድሜ አንድ ዙር ሳሽከረክረው ቀዩ በግድግዳው ላይ ሳይስተካከል ተቀባ፤ ከዚያ ክትፉ፤ በመጨረሻም 200 ሚሊ ሊትር ወተት በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ብሎ ፈሰሰ። በረዶ አልጨመርኩም፤ ሲሟሟ ወተቱን ያቀጥነዋል፣ ቅዝቃዜም አልጎደለም። ጠርሙሱ አፉ ሰፊ ካልሆነ ክትፉ መውጫ ላይ ይታነቃልና በጠባብ አፍ ጠርሙስ ባይሞከር ይሻላል።

ከጠርሙሶቹ በሁለቱ ላይ 10 ግራም ያህል «ዮንዩ»፣ ማለትም ስኳር ገብቶበት የወፈረ ወተት፣ ጨመርኩ፤ አንዳንድ ካፌዎች ያደርጉታል። መጠጡ ወፈር ይላል፣ ልጆችም እንደሚወዱት አይጠረጠርም፤ ነገር ግን የበሰለ ወተት ጣዕሙ በእንጆሪው ላይ ይጫናል። በወቅቱ ማብቂያ ላይ ፍሬው ሲኮመጥጥ ሊጠቅም ይችላል፤ በየካቲት አያስፈልግም።

ከዶሮ ወጡ በኋላ የቀረበ በመሆኑ ቅዝቃዜውና ስኳሩ በበርበሬው ላይ ጥሩ ሆነ። አንዱ ወዳጄ ጠርሙሱን ከነቀነቀ በኋላ «እታለም፣ ቀለሙ የታለ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተነቅንቆ የሚወጣው ቀለም ለስላሳና ሐመር ሮዝ እንጂ የካርቶኑ ደማቅ ሮዝ አይደለም። የእንጆሪው ቀይ ቀለም የሚደምቀው በኮምጣጣ ውስጥ ነው፤ በወተት ሲከበብ ይደበዝዛል፣ ተቀላቅሎ ካደረም ወደ ግራጫ ያደላል። ለዚህም ነው ካፌዎቹ ሳይቀላቅሉ የሚሸጡት፤ ለዓይን ብቻ ተብሎ አይደለም።

ሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ጾሙ ገባ። ከ«ለ» የቀረ ትንሽ ቾንግ፣ «ሀ» ደግሞ ከግማሽ በላይ አለ፤ በጾም ወተት መሞከር ነበረበት። ሱቁ የአኩሪ አተር፣ የአጃና የለውዝ ወተት በየዓይነቱ ይሸጣል። ከመግዛቴ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን የአለርጂ መግለጫ አነበብኩ፤ ከዕፀዋት የተሠራ የሚመስል መጠጥ ውስጥ የላም ወተት ተዋጽኦ የሚገባበት ጊዜ አለና ለጿሚ ይህ ንባብ ግዴታ ነው።

የአኩሪ አተሩ ቀዝቃዛ ሆኖም ረጋ። የአኩሪ አተር ፕሮቲንም በተመሳሳይ ኮምጣጣነት ይቋጠራል፤ ቀዩን በነካበት ቦታ ሁሉ ደቃቅ ነጭ ነጥብ ታየ። ጣዕሙ አልተበላሸም፣ ነገር ግን ምላስ ላይ ይሻክራል፤ አኩሪ አተሩም ራሱን አልሸሸገም። የአጃው ግን ንጹሕ ሆኖ ቆመ። ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ የሚረጋ ነገር ብዙም የለውም። ለቡና ተብሎ የሚሸጠው የአጃ ወተት ደግሞ ዘይትና ኮምጣጣነትን የሚያለዝብ ፎስፌት ስለሚጨመርበት ወፍራምም ጽኑም ነው። አጃ በሚዘጋጅበት ጊዜ ስታርቹ በኢንዛይም ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ሳይጨመርበትም ጣፈጥ ይላል፤ በዚህ ምክንያት ቾንጉን ከ80 ወደ 60 ግራም ቀነስኩ፣ የተቀነሰውን በክትፍ ተካሁ። የለውዙን አንድ ጊዜ ቀምሼ ተውኩት፤ ውኃ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን

ዛሬ የኮሪያውያን የጨረቃ አዲስ ዓመት፣ ሶላል ነው። አብዛኛው ሱቅ ተዘግቷል፤ በዓሉ ሲቃረብ ፍራፍሬ በስጦታ ሣጥን ስለሚሸጥም ምርጡ እንጆሪ ተወዷል፤ ባለው መሥራት ነው። የ«ለ» የመጨረሻ ጥቂት ማንኪያዎች አምስተኛ ቀናቸው ላይ ደርሰዋል። ክዳኑ ሲከፈት ድምፅ አላሰማም፣ አረፋም የለም፣ ሽታውም ንጹሕ ነው፤ ድምፅ፣ አረፋ ወይም የተለወጠ ሽታ ከታየ ግን እርሾ ሥራ ጀምሯልና መጣል አለበት። ይሁን እንጂ 36 በመቶ ስኳር ከዚህ በላይ እንዲያቆየው አልጠብቅበትም፤ የቀረውን ዛሬ በአጃ ወተት ጨረስኩት። «ሀ» በማቀዝቀዣ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፣ ለጾሙ ወራትም በጋዝ ውኃ ይጠጣል፤ ቦታው እዚያ ነው።

ፋሲካ በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ይውላል። አየሩ ሲሞቅ የእንጆሪው ጣፋጭነት ይቀንሳል፣ ፍሬው ይለሰልሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ በመጋቢት አጋማሽ፣ ገና ጣዕሙ ሳይወድቅ፣ ከኢሞ ዘንድ የጁሱን እንጆሪ ገዝቼ በ200 ግራም 80 ግራም ስኳር ልክ አሽቼ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ጠፍጣፋ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ ላስቀምጠው አስቤአለሁ። በረዶ ሕዋሳቱን ስለሚሰብራቸው ሲቀልጥ ቅርጹን ያጣል፣ ለቾንጉ ግን መጨፍለቁ ስለማይቀር ጉዳት የለውም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሌሊቱን ቀስ ብሎ ይቀልጣል። ክትፉ ብቻ በፋሲካው ዋዜማ ትኩስ መገዛት አለበት።